ከአሸዋው ሥር የሚያለቅሰው

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ሙቀት። የሰሜን ነፋስ አሸዋውን ይዞ መጥቶ ጥርሴ መሃል አስቀመጠው። ውሻችን ለመጮህ እንኳ ሰንፏል።

የአክስቴ ልጅ ኦስማር ሁለት አርማዲሎ፣ ጀርባቸው ቅርፊት የለበሰ የጉድጓድ አውሬዎች፣ ይዞ መጣ። አንዱ ጥቁሩ ነው፤ እማዬ ወዲያው ቢላዋ ሳለችለት። ሥጋው ዶሮ ዶሮ ይላል። ሴት ሆና ተገኘች... ሆዷ ውስጥ አራት ግልገል። የጥቁሩ ሁሌም አራት ነው፤ አራቱም ወይ ወንድ ወይ ሴት፣ መልካቸው አንድ። "እግዜር አንዱን ሠርቶ ሲደክመው ሦስቱን ገለበጠ" ትላለች እማዬ።

ሌላው ኳሱ ነው። ሲፈራ ይጠቀለላል። ራሱና ጅራቱ ጎን ለጎን ገጥመው ቀዳዳውን ይደፍኑታል፤ ጥፍር አታስገባም። ሌሎቹ አርማዲሎዎች ይሮጣሉ ወይ ይቆፍራሉ፤ ይሄ ብቻ ነው ቤቱን ዘግቶ ቁጭ የሚለው። ኦስማር "እሱንም ድስት ውስጥ" አለ። የለም አልኩ። ለእሱ ሥራ አለኝ።

ዶን ሩፊኖ ሱቅ ሄድኩ። ዱባ የሚደረድርበት ሣጥን ውስጥ ከዱባዎቹ መሃል አስቀመጥኩትና ጨው ፈላጊ መስዬ ቆምኩ። አንዲት መንገደኛ ዱባ ጠየቀች። ሩፊኖ ሳያይ አንሥቶ ሚዛን ላይ ጣለው። "ይሄ ጠንካራ ነው፣ የበሰለ ነው" አላት። ዱባው ተከፈተ። እግር አወጣ። ከሚዛኑ ወርዶ በጥፍሩ ጫፍ እየተራመደ፣ ልክ ባለ ተረከዝ ጫማ እንዳደረገች እመቤት፣ ወደ በሩ ሄደ።

ሴትዮዋ ድንግልን ጠራች። ሩፊኖ ግን እኔን ጠራ።

"ኔሜሲያ!"

"እኔ ምን አደረግኩ ዶን ሩፊኖ? እግር ያወጣው የእርስዎ ዱባ!"

እስካሁን ጎኔን ያመኛል ከሳቅ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ሩፊኖ ይቅር ብሎኛል። ሁሌም ይቅር ይላል። እኔ ባልኖር ለማን ይጎርራል?

ከሱቁ ፊት ካለው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ቀዝቃዛ ቴሬሬ፣ የቅጠል ሻያችንን፣ በቀንዱ ዋንጫ ተራ በተራ እንጠጣለን። እናቱም ነበሩ፣ ዶኛ ካሲልዳ። መንደሩ ሁሉ አያቴ ይላቸዋል። ብዙ አይናገሩም። ሲስቁ ድምፅ የለም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው። እኔ ቀልዴን የማወራው ያቺን ትከሻ እያየሁ ነው።

ኦስማር ወሬ አመጣ። ወደ ምዕራብ ካለው እርሻ የሚያለቅሰው አርማዲሎ ተሰማ አለ። ከአርማዲሎ ሁሉ ትንሹ፣ በእጅ መዳፍ የሚገባ፣ አሸዋ ውስጥ ኖሮ አሸዋ ውስጥ የሚሞት። ያየው ጥቂት ነው፤ የሰማው ብዙ። ትናንት እንደተወለደ ልጅ ነው የሚያለቅሰው። ቤት ሥር ካለቀሰ ከዚያ ቤት ሰው ይወጣል... ተሸክመውት። የሰማ ሰው ቆፍሮ አውጥቶ መግደል አለበት። ሌላ መላ የለውም።

"ወሬ!" አለ ሩፊኖ። "ከእኔ አልጋ ሥር ቢያለቅስ ጡጦ እሰጠዋለሁ።"

ሳቅን። የአያቴ ካሲልዳ ትከሻ አልተንቀሳቀሰም። ተራቸው ሊደርስ ሲል ተነሥተው ገቡ። ምን ነካቸው?

ጡጦ እሰጠዋለሁ አለ እኮ። በገዛ አፉ። እንግዲህ...

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

ተሠራ!

አባባ ነብር የሚጠራበት ትልቅ ቅል ነበረው። አፉ ላይ ቆዳ ይወጥራል፣ በቆዳው መሃል የፈረስ ጭራ ያስገባል፣ ጭራውን በሰም ያሸውና በእርጥብ ጣት ይጎትተዋል። ቅሉ ያገሳል። ነብሩ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት እየተቆጣ ይመጣል። አባባ አሁን ሩቅ እርሻ ከብት ያግዳል፣ ቅሉንም ወስዶታል። አሠራሩን ግን ዓይኔ አስቀርቶታል።

የእኔው ትንሽ ቅል ነው። በቆዳ ፋንታ የፍየል ፊኛ። የመጀመሪያው ሙከራ... ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ። ኦስማር መሬት ላይ ተንከባለለ። ሁለተኛው፣ ዘይት የጠማው በር። ከዚያ ጭራውን አቀጠንኩት፣ ፊኛውን በውሃ አራስኩት፣ ቀስ ብዬ ጎተትኩ።

አለቀሰ።

እማዬ ከጓሮ፣ "የማን ልጅ ነው? አንሡት እንጂ!" አለች።

ኦስማር መሳቁን አቆመ። "ኔሜ... ይሄንንስ ብንተወው?" አለኝ። ፈሪ። ጢም አብቅሎ ፈሪ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 20

እየሳቅኩ እንዴት ልጻፍ?

ትናንት ሩፊኖ ዕቃ ሊያመጣ በሄደበት የውሃ ቱቦ ከአጥሩ ኋላ እስከ አልጋው ሥር አሸዋ ውስጥ ቀበርን። ዛሬ ቀትር ላይ ሄድን። በቀትር እንቅልፍ ሰዓት ሰው አይወጣም፤ ነጭ ፀጉር ያለው ልጅ እያፏጨ ይዞራል፣ ያገኘውን ይወስዳል ይባላል። ስለዚህ መንገዱ የእኛ ነው። ፀሐዩ አሸዋውን ነጭ አድርጎታል፣ ጥላ የሚባል የለም። የሩፊኖ ማንኮራፋት ብቻ።

ቅሉን ከቱቦው አፍ ገጥሜ ጎተትኩ። ማንኮራፋቱ ቀጠለ። ደግሜ ጎተትኩ። ቆመ። ሦስተኛውን ረዘም አደረግሁት...

"እናቴ! እናቴ ሰምተሻል?!"

ቱቦውን ቶሎ ስበን አወጣን። ሩፊኖ በውስጥ ሱሪ አካፋ ይዞ አልጋውን ገለበጠ፣ ክፍሉን ቆፈረ፣ ከዚያ ደጁን። ሆዱ አንድ ወገን ይሮጣል እሱ ሌላ ወገን። ኦስማር እንዳይስቅ ክንዱን ነከሰ። "ጡጦው የታለ?" ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ አያቴ ካሲልዳ በሩ ላይ ወጡ። ፀጉራቸው ተፈትቶ። በባዶ እግራቸው፣ እሳት በሆነ አሸዋ ላይ ቆሙ። ጆሯቸውን ወደ መሬት ዘንበል አድርገው። ፈርተው አልነበረም፣ የፈራ ሰው አውቃለሁ፣ ስንቱን አስፈራርቻለሁ። ምን ነበር ታዲያ ያ ፊት?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ሩፊኖ አሁንም ይቆፍራል። ሱቁ ተዘግቷል። ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎታል። አርማዲሎውን ግን አላገኘውም። ከየት ያምጣው?

ኦስማር ለአጥር ሥራ ወደ ምዕራቡ እርሻ ሄደ፣ ሦስት ሳምንት ይቆያል። "አሁን በቃሽ፣ ተይው" ብሎኝ ነው የሄደው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

ሩፊኖ እኛ ቤት መጣ። እያነከሰ። ለእማዬ ነው የሚያወራው፣ እኔ ካሳቫ እልጣለሁ።

"እናቴ ከእሑድ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ውሃ ብቻ። ነጩን ቀሚስ እጠቡልኝ ብላለች... የምቀበርበትን። ተጠርቻለሁ ነው የምትለው።"

"አውሬውን ቆፍረህ አላወጣኸውም?"

"የለም እኮ! ቤቱን ወንፊት አደረግኩት፣ የለም!"

ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አስቀያሚ ነው። አፍንጫው ሁሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት ሙሉ እያስመሰልኩ አሥቅበት ነበር።

እሱ ሲሄድ ቅሉን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ፊኛው ሲቃጠል ድምፅ አወጣ። ትንሽ። እማዬ ዞር ብላ አየችኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ሄጄ ተናገርኩ። ሁሉንም። ቅሉን፣ ቱቦውን፣ ኦስማርን።

ሩፊኖ አቀፈኝ! "ልብሽ መልካም ነው ኔሜሲያ። እናቴን ለማዳን ብለሽ ራስሽን ትወነጅያለሽ" አለኝ።

"አልዋሸሁም! እውነት ነው! እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ያንን ድምፅ ሰው አያወጣውም። እኔ ሰምቼዋለሁ።"

ቅሉን አሳዪኝ አለ። አመድ ላሳየው? ኦስማር ይመስክር አልኩ። ኦስማር የለም። እማዬን ጠየቅኳት፣ "የልጅ ልቅሶ ሰምተሻል አይደል ዓርብ ዕለት?" ፊቷ ተለወጠ። "እኛም ቤት አልቅሶ ኖሯል?" ብላ አካፋ ፍለጋ ሄደች።

ከተወለድኩ ጀምሮ ውሸቴን ሁሉ አምነውኛል። ስኳሩ ውስጥ ጨው እንዳልጨመርኩ፣ ጳጳሱ እንደሚመጣ፣ ፍየሉ እንደተናገረ... አንድ ቀን እውነት ይዤ ብመጣ!

ሩፊኖ ሲሸኘኝ፣ "አውሬው ብቻ ቢገኝ" አለ። "ሞቶ ብታየው ተነሥታ ትበላ ነበር።"

አውሬው... እሺ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

የጥቁሩን ዓይነት አርማዲሎ ግልገል ያዝኩ፣ ገና ቅርፊቱ ያልጠነከረ። በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩ። "አያቴ፣ ይኸው። ቆፍሬ አወጣሁት። ያለቀሰው ይሄ ነው።"

ዓይናቸውን ሳይገልጡ በእጃቸው ዳሰሱት። ከስተዋል። እጃቸው የወፍ እግር መስሏል።

"ይሄ ጆሮ አለው" አሉ። "የበቅሎ ጆሮ። ያኛው ጆሮው አይታይም። ይሄ ጀርባው ላይ መቀነት አለው፣ ቅርፊቱ በመቀነቱ ይተጣጠፋል። ያኛው ከአናቱ እስከ መቀመጫው ከቆዳው ጋር የተሰፋ ነው። ኋላውን ደግሞ በቢላዋ የቆረጡት ይመስላል፣ ዝርግ፤ ሲገባ ጉድጓዱን በመቀመጫው ይደፍነዋል። እናቱ ጋ መልሺው ይሄን ሕፃን፣ አንቺ ሌባ።"

ትከሻቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ትንሽ። ሾርባ አቀረብኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በቀትር ተኝቼ ሰማሁት። ቅሉ አመድ ነው... ታዲያ ምንድን ነው የሚያለቅሰው? እማዬን ቀሰቀስኳት። ምንም አልሰማችም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 29

ትናንት ዘነበ። ዛሬ ጠዋት የመንገድ ማሽን አሸዋውን በገለበጠበት ሄድኩ። ለምን እዚያ? አላውቅም፣ ሌላ ቦታ ሁሉ ቆፍሬ ጨርሻለሁ። እርጥቡ አሸዋ ላይ አንድ መስመር ከፍ ከፍ ይላል፣ ከሥሩ ጣት የሚሄድ ይመስል። በእጄ ገባሁበት።

ያዝኩት። የእውነቱን!

መዳፌን አልሞላም። ቅርፊቱ የአሮጌ ጥርስ ቀለም፣ ከሥሩ ነጭ ፀጉር፣ ዓይኑ ሰሊጥ፤ የፊት ጥፍሩ ግን ከፊቱ ይተልቃል። ኋላው ልክ እንዳሉት፣ በቢላዋ የተቆረጠ። እጄ ውስጥ አለቀሰ። ቀጭን፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ የተናደደ ልቅሶ። ግን እንደ ቅሌ አልነበረም። እኔ አሳምሬው ኖሯል።

ቆርቆሮ ውስጥ አሸዋ ሞልቼ አስገባሁትና ሮጥኩ። ስደርስ ሞቷል። ከአሸዋው ከወጣ አይበረክትም ይላሉ፣ እጅ አይወድም።

አያቴ ካሲልዳ ዓይናቸውን ገለጡ። ለረጅም ጊዜ ያዙት። "አዎ፣ እሱ ነው" አሉ። እኔ ሾርባውን አንሥቼ ቆሜያለሁ። "ግን እኔ የሰማሁት እሱን አይደለም። ተቀመጪ።"

ያሉኝን እንዳሉት ልጻፈው።

"የድርቅ ዓመት ነበር፣ ከብት ይዘን ውሃ ፍለጋ እንሄዳለን። ጋሪ ላይ ወለድኳት። ሦስት ቀን ቆየች። ጠዋት ቀዝቅዛለች አሉኝ... አሉኝ ነው፣ እኔ ትኩሳት ላይ ነበርኩ፣ አልያዝኳትም። ባሌ አሸዋ ውስጥ ቀበራት። ጠጉራሙ አርማዲሎ እንዳያወጣት እሾህ ከመረባት፣ እሱ መቃብር አይምርም። ጋሪው ሲነሣ ሰማሁ።"

"ምን ሰሙ አያቴ?"

"ልቅሶ። ከአሸዋው ሥር። አቁሙ አልኩ። ባሌ፣ የሚያለቅሰው አርማዲሎ ነው፣ መጥፎ ምልክት ነው፣ እንፍጠን አለ። በሬዎቹን ገረፈ።"

ሾርባው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

"ከዚያ ወዲህ ይሄ አውሬ ባለቀሰበት ሁሉ ቆፍሬአለሁ። ሌላው የሚቆፍረው ሊገድለው ነው፣ እኔ ማን እንደሆነ ላይ። ሁልጊዜ እሱ ይወጣል። ሁልጊዜ! አሁን ሩፊኖ ቤቱን ገለበጠው፤ ወጣ? አልወጣም። እንግዲህ ማነው ያለቀሰው? ንገሪኝ እስቲ።"

"ስሟ ማን ነበር?" ብቻ አልኩ።

"ሳተርኒና። ባሌ ስም አይውጣላት ብሎ ነበር። ዛሬ ላንቺ ነገርኩ።"

እየሳቁ ነበር። የሰው ሠርግ እንደተጠራ ሰው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30

ያለቀሰው የእኔ ቅል ነው ብላቸው ሳተርኒናን ሁለተኛ እቀብራታለሁ። ዝም ብል ሩፊኖ እናቱን ይቀብራል።

እማዬ ለምን አትበዪም አለችኝ። እኔም?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 1

ሌላ ቅል ሠራሁ። እጄ ከመጀመሪያው ይልቅ አወቀው... ያ ነው የሚያስጠላው።

ቀትር ላይ ገባሁ። ነጩ ቀሚስ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተንጥፏል። ሩፊኖ እናቱ እግር ሥር ተቀምጧል። "አያቴ፣ ይዩኝ" አልኩ። ጣቴን ውሃ ነክሬ ጎተትኩ።

ሩፊኖ ከተቀመጠበት ወደቀ። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም።

"እንደገና" አሉ።

ጎተትኩ።

"እንደገና።"

ጣቴ ጭራው ላይ ተንሸራተተ፣ ድምፁም ተንቀጠቀጠ፣ ባሰበት። እውነተኛ ሆነ።

"እጅሽን።" ጣቶቼን ያዙ። አሸተቱ፣ ሰም ሰም ይላሉ። ከዚያ በጥፊ መቱኝ። ዝንብ ቢያርፍብኝ ይበረታ ነበር። እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

ጣቶቼን ለቀቁ። "እንግዲያው አልጠራችኝም" አሉ። "ያልተጠራሁበት ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ሩፊኖ፣ ሾርባ አምጣ።"

ሩፊኖ ማንኪያውን ሲይዝ እጁ ሙሉ ሾርባ ነው። አንድ ማንኪያ። ሁለት። ከዚያ ገና አሁን የገባው ይመስል ወደ እኔ ዞረ። "እውነት አንቺ ነሽ?!"

"ሐሙስ ዕለት ነግሬዎት ነበር።"

እጁን አነሣ።

"ተዋት" አሉ እናቱ። "እኔ መትቻታለሁ።"

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

አያቴ ካሲልዳ ላኩብኝ። "ያን ነገርሽን ይዘሽ ነይ" ብለዋል።

ያቃጥሉታል ብዬ ሄድኩ። ደረቅ ዳቦ በወተት እየበሉ አገኘኋቸው።

"ጋሪው ላይ ሆኜ የሰማሁት የቱን ነበር የሚመስለው?" አሉኝ። "የአውሬውን አውቀዋለሁ። ያንቺን ደግሞ አሁን ሰማሁ፣ ያንቺ የሰው ልጅ ነው። ያኔ የሰማሁትን ግን ረጅም ዘመን ሳስበው ሳስበው አልቆብኛል። አልቅሺ፣ ልለየው።"

ጎተትኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

"እንዲህ አይደለም። ራቅ በይ። ጋሪው እየሄደ ነበር።"

ወደ ኋላ እየተራመድኩ፣ እየጎተትኩ፣ ከበሩ ወጣሁ። ከደጁ። ከአጥሩ። ቀትር ነው፣ መንገዱ ነጭ፣ ሰው የለም፣ እኔ ወደ ኋላ እየሄድኩ ልጅ አስለቅሳለሁ። ከቤቱ ውስጥ "ራቅ በይ! ገና ነው!" የሚል ድምፅ ይመጣል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

በየቀኑ። በየቀትሩ።

ይበላሉ። ትናንት እንቁላል በሽንኩርት፣ ዛሬ ገንፎ። ግን ካለቀስኩ በኋላ ብቻ። ካላለቀስኩ አፋቸውን አይከፍቱም።

ኦስማር ተመለሰ። የሞተ እባብ ይዞልኛል፣ ሩፊኖ ቦት ጫማ ውስጥ የምንከተው። "ሌላ ጊዜ" አልኩት። "ታመሻል?" አለኝ። ስለ ቅሉ ነገርኩት። "እኔ መጀመሪያውኑ ብዬ ነበር" ብሎ ጀመረ፣ እባቡን ወረወርኩበት። ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

ጣቴ ሰም ሰም ይላል፣ በሳሙና አይለቅም። እቤት ስተኛ ይሰማኛል። አንዳንዴ የአውሬው፣ አንዳንዴ የቅሉ። እኔም መለየት ለምጃለሁ እኮ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ሩፊኖ ሱቁ በር ላይ ያዘኝ። ከረሜላ ሰጠኝ።

"ያን ቅል ላቃጥለው ኔሜሲያ?"

"ያቃጥሉት። ግን እሳቸው ምን ይብሉ?"

ጭንቅላቱን አከከ። "እኔኮ ድሮ የምፈራው አውሬውን ነበር" አለ። "አሁን አንቺን ነው የምፈራው። በቀትር ወደ ኋላ እየሄድሽ ስትመጪ..." ቀልድ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ ልጆቹን በእኔ ማስፈራራት ጀምሯል አሉ። ዱሮ ይሄን ብሰማ ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ዛሬም ጠየቅኳቸው። "ለዩት አያቴ?"

"ገና።"

እሁድ፣ ዲሴምበር 8

የድንግል በዓል። መንደሩ ሁሉ ወደ ጸሎት ቤቱ ሄደ፣ ሩፊኖ በአዲስ ሸሚዝ፣ እማዬ ሻማ ይዛ። አያቴ ካሲልዳ እግሬ አይችልም አሉ። እኔ ቀረሁላቸው።

ወፍ እንኳ የለም። እሳቸው አልጋቸው ላይ፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ እንደ ሁልጊዜው ይጠብቃሉ። ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጣቴን ልነክር ባልዲው ላይ ጎንበስ አልኩ።

አለቀሰ።

ጣቶቼ ውሃ ውስጥ ናቸው። ቅሉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከታች ነው የመጣው፣ ከአልጋው ሥር።

"ዛሬ ቸኮልሽ" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ምን ልበል? "አዎ አያቴ። ቸኮልኩ።"

"በይ ራቅ በይ።"

ተነሣሁ። በባዶ እጄ፣ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ወጣሁ። ከበሩ። ከደጁ። ውሃው ከጣቶቼ እየተንጠባጠበ አሸዋው ይጠጣዋል። እኔ በራቅኩ ቁጥር ድምፁ ለእኔ ቀነሰ። ከአጥሩ ጋ ቆምኩ። ጸጥ እስኪል ጠበቅኩ።

ስገባ ቁጭ ብለዋል። ሳይጠይቁኝ ሳህኑን ራሳቸው አንሥተው እየበሉ ነው፣ ካሳቫና የዶሮ ሥጋ።

"ዛሬ አልራቀችም" አሉኝ።

የቱን ይመስል ነበር? አውሬውን እጄ ውስጥ ይዤ ሰምቼዋለሁ። ቅሉን ሠርቼዋለሁ። ማንም ሰው ባያውቅ እኔ አውቃለሁ የቱን እንደሚመስል። አልጽፈውም።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ቤት ሥር የሰማ ለቤቱ ጌታ ይንገር፣ ይቆፈር፣ ይገደል። ማታ ሩፊኖ ሻማ ሻማ እየሸተተ ተመለሰ። እናቱ ተኝተዋል፣ ሳህኑ ባዶ ነው። ወለሉን አየ፣ አልጋውን አየ፣ እኔን አየ።

"ምን አዲስ አለ?"

"ምንም የለም ዶን ሩፊኖ።"

መብራቱን ወደ ፊቴ አስጠጋ። ከንፈሬን፣ ዓይኔን፣ ጉንጬን አንድ በአንድ አየ። ቀልዱን እየፈለገ ነበር። አላገኘውም።